በጎጃም መንደር የጎዳና ካሜራ ከታሪኩ ጋር እንዴት ይተከላል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ትናንሽ መንደሮች በአንዱ የጎዳናውን ውሎ በቀጥታ የሚያሳይ ካሜራ ለመትከል ያሰበ ሰው፣ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት የመንደሩን ታሪክ ማሰባሰብ ይኖርበታል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያለ የአገሩ ልጅ፣ ገበያው ለምን እዚያ እንደ ቆመና ታቦቱ ለጥምቀት በየት በኩል እንደሚወርድ ካላወቀ የሚያየው አላፊ አግዳሚውን ብቻ ነው። ካሜራው ወዴት መዞር እንዳለበትም የሚታወቀው ከታሪኩ ነው።

ሽማግሌዎችንና ካህናቱን ሲጠይቁ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ማለት ብዙም አያዋጣም። የገጠሩ ሰው ዘመንን የሚያስታውሰው በትልልቅ ክስተቶችና በወንጌላውያኑ ስም ነውና። በጎጃም ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረሃብ፣ ከ1928 እስከ 1933 የቆየው የጣሊያን ወረራ፣ ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ያመፀበት 1960 እና የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጥሩ ምልክቶች ናቸው። ለምሳሌ አንድ አባት «ወፍጮው የተተከለው ከአመፁ በኋላ፣ ንጉሡ ሳይወርዱ፣ በዘመነ ሉቃስ ነው» ቢሉ ዓመቱን በስሌት ማግኘት ይቻላል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። ከ1960 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት ሉቃስ የሚውለው በ1963 ብቻ ስለሆነ ወፍጮው የተተከለበት ዓመት ታወቀ ማለት ነው። ይህን ዘዴ አብልጬ የምወደው የሽማግሌውን ቃል ሳይለውጥ ዓመቱን ስለሚሰጠን ነው። በቆዩ አድባራት በብራና ወንጌሎች ኅዳግ ላይ የጉልትና የርስት ስጦታ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ የደብሩን አስተዳዳሪና ገበዙን አስፈቅዶ ማየት ተገቢ ነው።

ካሜራው ከመተከሉ በፊት የቀበሌው አስተዳደርና የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው ሊስማሙበት ይገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ምስል ጭምር ስለሚመለከት፣ ካሜራው ወደ ምንጭ፣ ወደ ጠላ ቤት ወይም ወደ ሰው ደጃፍ እንዳይዞር፣ የአላፊው ፊትም ተለይቶ እንዳይታወቅ ከፍ ብሎ እንዲሰቀል እመክራለሁ። ልቅሶ ባለበት ቀን ደግሞ መዝጋት ግድ ነው።

ሌንሱ ወደ ሰሜን ቢዞር የጠዋትና የማታ ፀሐይ አያስቸግረውም። የክረምቱ ዝናብ ከባድ በመሆኑ ውኃ የማያስገባ፣ አይፒ 66 የሚል ምልክት ያለው ካሜራ መርጦ በቤቱ ክፍክፍ ሥር መስቀል ይበጃል።

ወጪው የሚበዛው በኢንተርኔቱ ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚልክ ቪዲዮ በሰዓት 900 ሜጋባይት፣ በቀን ደግሞ 21.6 ጊጋባይት ይፈጃል። በየደቂቃው 200 ኪሎባይት የሚመዝን አንድ ፎቶ ብቻ ቢላክ ግን በቀን 288 ሜጋባይት ይበቃል። ስለዚህ በአዘቦቱ ቀን ፎቶውን፣ በገበያና በክብረ በዓል ቀን ቪዲዮውን መላክ ይሻላል። በሞባይል ኔትወርክ የተገናኘ ካሜራ ከውጭ በቀጥታ ስለማይገኝ ቪዲዮውን ወደ ዩቲዩብ እንዲልክ ማድረግ ያስፈልጋል። ቻናሉ የቀጥታ ስርጭት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል ከበዓሉ ዋዜማ በፊት መክፈት ነው። ካሜራውና ራውተሩ በድምሩ 15 ዋት ቢወስዱ በቀን 360 ዋት-ሰዓት ስለሚፈጁ፣ መብራት ሲጠፋ ባለ 12 ቮልት 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሹ ብቻ ተጠቅሞ አንድ ቀን ያቆያቸዋል።

በመጨረሻም ከምስሉ ግርጌ፣ በምስሉ ላይ ለሚታየው ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ዓመቱ በስሌት የተገኘ ከሆነ በስሌት መገኘቱ፣ ታሪኩን የነገሩት ሽማግሌም ከፈቀዱ ስማቸው ይጠቀስ። በየዓመቱ በመስከረም 1 የተነሣ አንድ ምስል ቀኑ ተጽፎበት በሁለት ፍላሽ ተቀድቶ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ ሌላው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።