ኮተት ስንቀንስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቤት ለማስተካከል ስንነሳ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ዕቃ መግዛት! ክዳን ያለው ሳጥን፣ ቅርጫት፣ ተጨማሪ መደርደሪያ። እኔም ምን ቀርቶ ምን እንደሚወጣ ሳልለይ አምስት ትልልቅ ሳጥን ገዝቼ አውቃለሁ። ግሳንግሱ ሁሉ እየታጠፈ ገባ። ቤቱ ሁለት ሳምንት አማረበት። ከዚያ ሳጥኖቹ ራሳቸው መተላለፊያ የሚዘጉ ኮተት ሆኑ። መደርደር ሌላ፣ መቀነስ ሌላ። ሳጥን የሚገዛው የሚወጣው ዕቃ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም ቦታው ተለክቶ።

ሁለተኛው ስህተት «ዛሬ ቤቱን በሙሉ እጨርሳለሁ» ማለት ነው። ጠዋት በወኔ ቁምሳጥኑ አልጋ ላይ ይገለበጣል። ማታ መተኛ ቦታ ሲጠፋ ያው ልብስ እንደነበረ ተጠቅልሎ ይመለሳል። አንድ መሳቢያ ይበቃል። የስልክዎን ደወል 20 ደቂቃ ላይ ይሙሉት፤ ሲጮህ ያቁሙ።

በፎቶና በደብዳቤ መጀመርም አያዋጣም። አንዷን ፎቶ በእጅዎ ሲይዙ ትዝታው ይመጣል፣ ትዝታው ጨዋታ ያመጣል፣ ቀኑ መሸ። ልብ በማይነካው ይጀምሩ፦ ጓደኛው የጠፋ ካልሲ፣ ክዳኑ የሌለ ሳህን፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ። እግረ መንገዴን ግን፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ሽንት ቤት ውስጥ አይድፉ፤ የት እንደሚመለስ ፋርማሲ ይጠይቁ። የድሮ ስልክ ባትሪም ከቆሻሻ ጋር አይጣል። ሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። «በውድ ነው የገዛሁት።» አንዴም ሳይለበስ ለዓመታት የተሰቀለ ኮት በዚህች ቃል ይድናል። ገንዘቡ ግን የወጣው የተገዛ ዕለት ነው። ኮቱ ቢሰቀልም ባይሰቀልም አይመለስም። በዚያ ላይ የራሳችን የሆነ ነገር ከዋጋው በላይ ይታየናል። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔችና ሪቻርድ ታለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ለግማሾቹ ተማሪዎች ኩባያ ሰጡ፤ ለሌሎቹ አልሰጡም። የደረሳቸው ልጆች ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ያልደረሳቸው ለመግዛት ካቀረቡት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ኩባያው እጃቸው ከገባ ገና ደቂቃዎች ነበር! እኛማ አሥር ዓመት አብሮን የኖረውን ዕቃ እንዴት አድርገን እንፍረድበት? እኔን የረዳኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ዕቃ የኔ ባይሆን ዛሬ ስንት ከፍዬ እገዛው ነበር? ብዙ ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው።

የዚህ እህት «አንድ ቀን ይጠቅማል» ናት። የምን እንደሆነ የማይታወቅ ቻርጀር የሞላበት መሳቢያ የሌለው ቤት ያለ አይመስለኝም። ቆርጦ መጣል ካቃተዎት አንድ ካርቶን ያዘጋጁ። አንድ ብቻ። የሚያጠራጥርዎትን ከተው ያሽጉና ቀኑን ይጻፉበት። ስድስት ወር ሙሉ ካልተከፈተ ይውጣ። ካርቶኑ ሁለት ከሆነ ግን ራስዎን እየሸነገሉ ነው።

የሌላ ሰው ዕቃ አይጣሉ። እኔ የባለቤቴን «የማይረባ» ብሎን ጣልኩ፤ ለካ የልጃችን አልጋ መግጠሚያ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በራሴ ቁምሳጥን ብቻ ነው የምፈርደው።

«ለሰው የሚሰጥ» የተባለው ፌስታል በር ሥር ሦስት ወር ሲቀመጥስ? ያልፈው ሁሉ ይከፍተዋል፣ አንዳንዱ ዕቃ ተመልሶ ይገባል። በዚያው ሳምንት ይውጣ። ደግሞ ተቀዶ ዚፑ የተበላሸውን ለሰው መስጠት ቸርነት አይደለም፤ የራስን ቆሻሻ ሌላ ሰው እንዲጥል ማድረግ ነው።

ከተስተካከለ በኋላ ለምን ቶሎ ይበላሻል? አንዱ ምክንያት መደርደሪያውን ጢም አድርጎ መሙላት ነው። አንድ ነገር ለማውጣት ሦስት ነገር ማንሳት ካለብዎት ማንም መልሶ አያስገባውም። ትንሽ ክፍት ቦታ ይተዉ። በየቀኑ የሚነካው ዕቃ ከወገብ እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ይሁን፤ ከባዱ ታች፣ በዓመት አንዴ የሚፈለገው ላይ።

ሌላው ዕቃውን በምንመኝበት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቁልፉ ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ የሚወረወር ከሆነ ቤተሰቡን ከመቆጣት ማንጠልጠያውን ማዛወር ይቀላል። የኛ ማንጠልጠያ የሚያምር ነበር፤ ግን መኝታ ቤት አጠገብ። ማንም አልተጠቀመበትም። አሁን መግቢያው በር ጎን ሁለት ሚስማር ተመትቷል። አያምርም። ቁልፍ ፍለጋ ግን ቀርቷል።