ፒክአፕ ከፍ ስታስደርጉ ምቾቱን እንዳታጡት

ሃይሉክስ ቪጎ ወይም መሰል ፒክአፕ ከፍ ለማስደረግ ካሰባችሁ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ የፊቱ ሲቪ ጆይንት (የሞተሩን ኃይል ለጎማው የሚያደርሰው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) በጣም ተጣሞ ይሠራል፤ የሚሸፍነው ላስቲክ ቶሎ ይቀደድና ግሪሱ ይፈሳል።

ርካሹ መንገድ ከፊት ስፔሰር (ሞላው ላይ የሚደረብ ማስነሻ)፣ ከኋላ ተጨማሪ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ዝርግ ብረት) ማስገባት ነው። መኪናው ይነሳል፣ አዎ። ግን ኮረኮንች ላይ ባዶውን ስትነዱት ወገብ ይጨርሳል። ባሌስትራ የሚመረጠው በጭነት ነው፤ ሁልጊዜ ሲሚንቶ ለሚጭን የሚሆነው ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ አይሆንም። አቅም ካለ ሞላውን፣ ባሌስትራውንና አሞርዛተሩን (የመኪናውን ንረት የሚያበርደውን) አብረው እንዲሠሩ በተዘጋጀ ሙሉ ኪት ቀይሩ። በተለይ አሞርዛተር ላይ አትሰስቱ። የድሮው ስለሚያጥር ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ጫፍ ደርሶ "ቋ" ይላል።

ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) የግድ ነው፤ አለበለዚያ መሪው ይጎትታል፣ ጎማውም ባንድ ወገን ይበላል። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ መሪውን ዳር እስከ ዳር ያዙረውና የፍሬን ቱቦውን እዩት። ከተወጠረ ረዘም ያለ ይገባለት። የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደርጉ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ማታ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ግን ዓይኑ ይጠፋል።