ላይጌሽን (የዲኤንኤ ቁርጥራጮችን ማጣበቅ) ላይ ከሙቀት ጋር የተያያዙ፣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«16 ዲግሪ ካልሆነ አይሠራም» ማለት። ይህ ቁጥር ማስታረቂያ እንጂ ሕግ አይደለም። ኢኮአርአይ የተባለው ቆራጭ ኢንዛይም የቆረጠው ዲኤንኤ ጫፉ ላይ የሚያንጠለጥለው ኤ፣ ኤ፣ ቲ፣ ቲ የተባሉ አራት ፊደላትን ብቻ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ጫፎች ሲገናኙ የሚይዛቸው በድምሩ ስምንት ሃይድሮጅን ቦንድ ስለሆነ፣ ሞቅ ካለ ወዲያው ይላቀቃሉ። የሚያጣብቃቸው ኢንዛይም፣ ቲ4 ላይጌዝ፣ ግን 25 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈጥነው። ጫፎቹ ብርድ፣ ኢንዛይሙ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ 16 ዲግሪ ላይ ማሳደር የተለመደው ለዚህ ነው። ዛሬ በሚሸጠው ኢንዛይም ግን ተጣባቂ (ፊደል የሚያንጠለጥል) ጫፍ በክፍል ሙቀት ከ10 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቢቆም እንኳ ቲዩቡን አይጣሉት፤ ሥራው አልቆመም።

ዱልዱሙን ጫፍ እንደ ተጣባቂው ማየት። የሚንጠለጠል ፊደል ስለሌለው ብርዱ የሚያጠነክርለት ጥንድ የለም። የሚጠቅመው ብዙ ኢንዛይም፣ ረዘም ያለ ጊዜ (በክፍል ሙቀት ሁለት ሰዓት ያህል) እና ፒኢጂ (ሞለኪውሎቹን የሚያቀራርብ ፖሊመር) ነው። አንዲት ኤ ወይም ቲ ብቻ ላንጠለጠለ ጫፍ ደግሞ 4 ዲግሪ ላይ ማሳደር ብዙ ጊዜ የተሻለ ኮሎኒ (ዲኤንኤውን ተቀብሎ ያደገ የባክቴሪያ ስብስብ) ይሰጣል።

37 ዲግሪ ላይ መተው። ቆራጮቹ ኢንዛይሞች ስለሚወዱት ላይጌዝም ይወደዋል ማለት አይደለም፤ እየቆየ ይዳከማል። ጎልደን ጌት (በአንድ ቲዩብ ውስጥ የሚቆረጥበትና የሚጣበቅበት ዘዴ) ላይ 37 እና 16 የሚፈራረቁት አንዱ ለመቁረጥ፣ ሌላው ለማጣበቅ ስለሚመች ነው።

«የክፍል ሙቀት» ሲባል ሳይለኩ ማመን። የአዲስ አበባ ጠዋትና የድሬዳዋ ከሰዓት አንድ አይደሉም። ቴርሞሜትር ርካሽ ነው።

ባፈሩን (ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ፈሳሽ) አሙቆ ማቅለጥ። ብዙዎች ሙቀቱን የሚወቅሱት ኤቲፒው (የላይጌዙ የኃይል ምንጭ) ሞቶ ሳለ ነው፤ ባፈሩ በተደጋጋሚ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ኤቲፒው ይበላሻል። በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍለው ያስቀምጡት፣ ጠረጴዛ ላይ ያቅልጡት። ታች የሚታየው ነጭ ዝቃጭ ዲቲቲ የተባለው የባፈሩ ንጥረ ነገር ነው፤ እስኪጠፋ ያናውጡት።

መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ 65 ዲግሪ ማድረግ። አሥር ደቂቃው ላይጌዙን ይገድለዋል፤ ለኤሌክትሮፖሬሽን (ዲኤንኤን በኤሌክትሪክ ወደ ባክቴሪያ ለማስገባት) ይጠቅማል። ባፈሩ ፒኢጂ ካለው ግን ጭራሽ አያሙቁት፤ ኮሎኒው ክፉኛ ይቀንሳል።