ከውኃው ይልቅ ዛፉን ፍሩ፦ ኳስ ሲጠፋና ውኃ ሲገባ

ጎልፍ የጀመርኩት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ላንግስተን ሜዳ ላይ ነው። ጥቁሮች ከሌላው ሜዳ በሚከለከሉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ለእነሱ የተከፈተ የሕዝብ ሜዳ ነው። በአንድ በኩል ኪንግማን ሐይቅን ተጠግቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ያንን ውኃ ሳይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛፎቹን ከቁም ነገር አልቆጠርኳቸውም። ዛሬ ለጀማሪ ሁሉ የምነግረው ተገላቢጦሹን ነው።

ምክንያቱም ኳስ ዛፍ ውስጥ ሲጠፋ ሁለት ነገር ታጣላችሁ። አንድ የቅጣት ምት ይጨመርባችኋል፤ ደግሞም ወደ መታችሁበት ቦታ ትመለሳላችሁ። ከቲ (ከመነሻው ቦታ) የመታችሁት ከጠፋ፣ ተመልሳችሁ የምትመቱት ሦስተኛ ምታችሁ ነው። የሜዳውን ወሰን የሚያሳየውን ነጭ ችካል አልፎ ከወጣም ያው ነው። ውኃ ሲገባ ግን ቅጣቱ አንድ ምት ሆኖ፣ ኳሱ የሄደው ርቀት አብዛኛው ይተርፍላችኋል።

ለፍለጋ ያላችሁ 3 ደቂቃ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ 5 ነበር፤ ዛሬም በ5 የሚቆጥሩ ነባር ተጫዋቾች አሉ። ሰዓቱ የሚቆጠረው መፈለግ ከጀመራችሁበት ነው። 3 ደቂቃው ካለፈ ኳሱ እግራችሁ ሥር ቢገኝ እንኳ ጠፍቷል፤ እሱን ብትመቱ 2 የቅጣት ምት አለው። ስትፈልጉ ሳታዩ ብትረግጡት ግን ቅጣት የለም፣ ቦታው መልሱት። ኳሳችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። እኔ በአረንጓዴ ማርከር «ሀ» እጽፋለሁ።

አሁን አጥብቄ ወደምለው ልምጣ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኳሴ በቀኝ በኩል ዛፎቹ ውስጥ ገባ። ተናድጄ፣ ምንም ሳልል ሌላ አውጥቼ መታሁ። ሄደን ስናይ የመጀመሪያው ጥሩ ሣር ላይ ቁጭ ብሏል። በጣም ደስ አለኝ። ጎልፍ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ቃሉን አላልሽም። ያንቺ ኳስ ሁለተኛው ነው። አራተኛሽን ምቺ» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ቃሉ «ፕሮቪዥናል» ነው፤ ለጊዜው የሚመታ ተጠባባቂ ኳስ ማለት ነው። ኳሱ ሊጠፋ ይችላል ብላችሁ ስትጠረጥሩ፣ ከመምታታችሁ በፊት አብረዋችሁ ለሚጫወቱት ጮክ ብላችሁ «ፕሮቪዥናል ልመታ ነው» በሉ። «ሌላ ልምታ» ብቻ ማለት አይበቃም። የመጀመሪያው ሜዳው ውስጥ በ3 ደቂቃ ከተገኘ፣ እሱን ትጫወታላችሁ፤ ሁለተኛው አይቆጠርም። ካልተገኘ ሁለተኛው ከነቅጣቱ ይቀጥላል፣ ወደ ኋላ መመላለስም ይቀራል። ውኃ መግባቱን በእርግጠኝነት ካወቃችሁ ግን ፕሮቪዥናል አይፈቀድም።

ውኃው ጋ መጀመሪያ ድንበሩን የሚያሳየውን ችካል ቀለም እዩ። ቢጫ ከሆነ ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ መጀመሪያ ከመታችሁበት መድገም፣ ወይም ኳሱ ድንበሩን ያቋረጠበትን ነጥብና ሆሉ (ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ) ላይ የተተከለውን ባንዲራ በአንድ መስመር ይዛችሁ፣ በዚያው መስመር የፈለጋችሁትን ያህል ወደ ኋላ ሄዳችሁ ኳስ ከእጃችሁ መጣል። ቀይ ከሆነ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሻለውም እሱ ነው። ኳሱ ካቋረጠበት ነጥብ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ሆሉ ሳትጠጉ ትጥላላችሁ። የሚለካው ከፓተር (ኳሱን ሆሉ ውስጥ ለማስገባት ከሚያገለግለው ዱላ) በስተቀር በረጅሙ ዱላችሁ ነው። ሁሉም አንድ የቅጣት ምት አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነጥቡ ላይ ነው። ውኃው የተረጨበትን ቦታ ያያል። የሚፈለገው ግን ኳሱ ለመጨረሻ ጊዜ ድንበሩን የተሻገረበት ቦታ ነው፤ አንዳንዴ ሃምሳ ሜትር ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኳሱን በዓይናችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ስትጥሉም ከጉልበታችሁ ቁመት ይሁን። ኳሱ ዳር ላይ ከሆነና መምታት ከቻላችሁ ደግሞ ያለ ምንም ቅጣት ምቱት፤ ዱላው መሬቱን ቢነካም ችግር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሜዳዎች ለጠፋ ኳስ ወደ ኋላ ሳትመለሱ፣ በ2 የቅጣት ምት ፌርዌዩ (ሣሩ የታጨደው ዋናው መንገድ) ዳር እንድትጥሉ ይፈቅዳሉ። በየሜዳው የሚወሰን ደንብ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የውጤት ካርዱን ጀርባ አንብቡ፣ ካጣችሁት ክፍያ የምትፈጽሙበት መስኮት ጠይቁ።