እምነበረድ ቤታችሁ ልትቆርጡ ላሰባችሁ፣ ዲስኩ ከመሽከርከሩ በፊት ያለው ስራ

እምነበረድ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ድንጋዩ ራሱ ለስላሳ ነው፣ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 3 አካባቢ ነው ሚገኘው፣ ግራናይት እኮ ከ6 እስከ 7 ይደርሳል። ስለዚ ደህና ዲስክ ከያዛችሁ መቁረጡ ብዙም አያታግላችሁም። ሰው ሚጎዳው ሲሸከመው፣ ሲያስቀምጠው፣ አቧራውን ሲስበውና ውሃ ከኤሌክትሪክ ሲያገናኝ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የመስኮት ደፍ ልቆርጥ ስነሳ ስለ ዲስክ አይነት ሁለት ሰዓት አንብቤ፣ ድንጋዩን ምን ላይ እንደማስቀምጠው ግን አንድ ደቂቃ አላሰብኩም፣ ሁለት በርሜል ላይ አጋድሜው ጀመርኩ፣ ልጨርስ አራት ጣት ሲቀረኝ ጫፉ በራሱ ክብደት ተገንጥሎ እግሬ ስር ዱብ። ጫማዬ ክፍት ነበር። እግሬ ተረፈ፣ ድንጋዩ አልተረፈም።

ክብደቱን አስሉት መጀመሪያ። 2 ሴንቲ ውፍረት ያለው 1 ሜትር በ1 ሜትር እምነበረድ 54 ኪሎ አካባቢ ነው፣ 3 ሴንቲ ከሆነ ደሞ 80 ያልፋል። ስታነሱት ሁሌም በጠርዙ አቁማችሁ፣ ልክ መስታወት እንደሚያዝ፣ ቢያንስ ለሁለት ሆናችሁ። አጋድማችሁ ከያዛችሁት መሃሉ ላይ በራሱ ክብደት ይሰበራል፣ ያውም እጃችሁ ላይ። ግድግዳ ላይ ስታስደግፉት ከታች ጣውላ አርጉለት፣ ዘንበል ያለ ይሁን፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ አንድ ልጅ ቢነካው ይመጣል። እና አደራ፣ መውደቅ ከጀመረ አትያዙት! ሸሹና ይውደቅ፣ ድንጋይ ይተካል።

ቀጥሎ አንኳኩት። በጣታችሁ ወይ በእንጨት ነገር ቦታ ቦታው ላይ ቆርቆር ስታረጉት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፣ አንዱ ጋ ድፍን ያለ የታፈነ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ያ ቆንጆ ሚያረገው ደም ስር መሳይ መስመርም ብዙ ጊዜ ደካማው ቦታ እሱ ነው፣ ስለዚ ቁርጡ ከመስመሩ ጋር ጎን ለጎን ተጠግቶ ባይሄድ ይመረጣል።

ማሽን። በጣም ጥሩው ውሃ ያለው የጠረጴዛ መቁረጫ ነው፣ ካገኛችሁ ተከራዩት ሌላ አታስቡ። ሁለተኛው በእጅ ሚያዘው ማርብል ከተር፣ የውሃ ጎማ ሚገጠምለት አይነት። ግራይንደር ሶስተኛ ነው፣ ይቆርጣል፣ ግን ቀጥ ያለ መስመር መያዝ ይከብዳል፣ ደሞ ተራው ግራይንደር ለውሃ ስላልተሰራ በውሃ አትጠቀሙበት። ዲስኩ የአልማዝ ይሁን፣ ጠርዙ ሳይቆራረጥ ዙሪያውን ሙሉ የሆነ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ለኮንክሪት ነው፣ እምነበረድ ላይ ጠርዙን ይሸራርፈዋል።

አንድ ሞኝነት አለ እሱን ሳልናገር ባልፍ አይሆንልኝም፣ የትንሽ ግራይንደር መከለያ ነቅሎ ትልቅ ዲስክ መግጠም። ሰዎች ጥልቅ እንዲቆርጥላቸው ብለው ነው ሚያረጉት። የትንሹ ግራይንደር ሞተር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፣ እዛ ላይ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ብትገጥሙበት የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 130 ሜትር በላይ ይሮጣል ማለት ነው፣ አብዛኛው ዲስክ ደሞ የተሰራው በሰከንድ ለ80 ሜትር ነው። ሲበታተን ፊት ለፊቱ ያለው እናንተ ናችሁ። ዲስኩ ላይ የተፃፈው ዙር ከማሽኑ ዙር መብለጥ አለበት፣ መከለያው አይነቀልም፣ አለቀ። ዲስክ ስትቀይሩ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቀስቱን አይታችሁ በአቅጣጫው ግጠሙ፣ ከዛ ወደ ጎን ቆማችሁ አንድ ደቂቃ ባዶውን አሽከርክሩት።

አቧራው ላይ ትንሽ ልቆይ። ንፁህ እምነበረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ሳንባ ሚያጠነክረውና ሲሊኮሲስ ሚያመጣው ሲሊካ እንደ ግራናይት አይበዛበትም፣ ግን ጭራሽ የለበትም ማለት አይደለም። ትልቁ ችግር እምነበረድ ነው ተብሎ የተሰጣችሁ ነገር ሰው ሰራሽ ኳርትዝ ሊሆን መቻሉ ነው፣ እሱ ሲሊካው 90 ፐርሰንት ሊያልፍ ይችላል፣ አውስትራሊያ ከ2024 ሐምሌ ወር በኤሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ መጠቀሙን የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ለመለየት ከሚጣለው ቁራጭ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ አርጉ፣ አረፋ ካወጣ ወይ ቦታው ላይ አብረቅራቂነቱ ከጠፋ እምነበረድ ወይ እንደሱ ካልሲየም ያለበት ድንጋይ ነው (አንዳንዱ አይነት አረፋው ደካማ ስለሆነ ጠጋ ብላችሁ እዩት)። ምንም ካልሆነ ግራናይት ወይ ኳርትዝ ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ አትቁረጡት፣ ለባለሙያ ስጡ። እምነበረድም ቢሆን ደጅ አውጥታችሁ ነው ሚቆረጠው፣ የጨርቅ ማስክ ደሞ ለዚህ ምንም አይሰራም፣ ኤን 95 ወይ ኤፍ ኤፍ ፒ 2 ቢያንስ፣ ፂም ያለው ሰው ላይ በጎን ስለሚያስገባ መላጨት ግድ ነው። ዙሪያውን ሚሸፍን መነጽርና የጆሮ መከላከያም ያስፈልጋል። ሻርፕ፣ የተንዘላዘለ እጅጌ፣ የተፈታ ፀጉር፣ ማሰሪያው ሚንጠለጠል ኮፍያ ምናምን አይሆንም፣ ጓንት ለመሸከም እንጂ ማሽኑ ሲዞር ሰፊ ጓንት ራሱ ይጠመጠማል።

ኤሌክትሪኩ። ውሃ እስካለ ድረስ መስመሩ ላይ ባለ 30 ሚሊአምፔር የሰው መከላከያ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በራሱ ሚቆርጠው) ሳይኖር አትጀምሩ። ማከፋፈያው መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ ይሁን፣ ገመዱ ሶኬት ጋ ከመድረሱ በፊት ወደታች ረገብ ብሎ ይታጠፍ፣ ውሃ በገመዱ ቢወርድ እዛ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ቁርጡ። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ወይ መሬት ላይ 5 ሴንቲ ገደማ ውፍረት ያለው ፎም አንጥፉ፣ ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ ይረፍ፣ ሚወድቀው ቁራጭም ጭምር። የኔን በርሜል አስታውሱ። ዲስኩ ፎሙን ትንሽ ይነካዋል፣ ችግር የለውም። መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና በእርሳስ አስምሩ፣ ማርከር እምነበረድ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ተዉት። ዲስኩ ራሱ 2 ወይ 3 ሚሊ እንደሚበላ አትርሱ፣ ቁርጡን ከመስመሩ በሚጣለው ወገን አርጉት። ቀጥ ያለ ጣውላ ወይ አልሙኒየም በክላምፕ አስሩና ማሽኑን እሱን አስደግፋችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ 2 ሚሊ ብቻ ጫር አርጋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ይሄ ጠርዙ እንዳይሸራረፍ ያረጋል። ከዛ በየዙሩ 5 ሚሊ አካባቢ ጨምሩ። አትጫኑት፣ ማሽኑ ድምፁ ከወፈረ ወይ ዙሩ ከቀነሰ ቸኩላችኋል ማለት ነው። ዲስኩን በፍፁም አታጣሙ፣ መስመር ሳትስቱ አትቀሩም ግን ከሳታችሁ አጥፉና ከመጀመሪያው አስገቡት፣ ውስጡ እያለ ለማቃናት ስትሞክሩ ነው ተይዞ ወደናንተ ሚመልሰው። ሰውነታችሁም ከዲስኩ መስመር ጎን ይሁን። መጨረሻው ጋ ጥግ እንዳይገነጠል ደሞ ቀላል ዘዴ አለ፣ ከመጨረሻው ጫፍ ወደ ውስጥ 5 ሴንቲ ያህል አስቀድማችሁ ሙሉ በሙሉ ቁረጡ፣ ከዛ ከመጀመሪያው ጫፍ መጥታችሁ እዛው ተገናኙ።

ኤል ቅርፅ ወይ ለሲንክ ቀዳዳ ከሆነ የውስጥ ጥጎቹን ሁሉ በቅድሚያ በአልማዝ ፑንታ ብሱ፣ ድሪሉ ላይ መዶሻውን (እየመታ ሚበሳበትን) አጥፍታችሁ። ስል ጥግ ካለ ስንጥቁ ሚጀምረው ከዛ ነው፣ አንዳንዴ ከወራት በኋላ።

የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ቢላ ስለሚቆርጥ በባዶ እጅ አትዳብሱት። ውሃ እያረጋችሁ በአልማዝ ማለስለሻ ከቁጥር 50 ወይ 100 (ቁጥሩ ሲጨምር ማለስለሻው ይልማል) ጀምራችሁ 200፣ 400፣ 800 እያላችሁ ውጡ፣ መስታወት እንዲመስል ከፈለጋችሁ እስከ 3000 ይሄዳል፣ ቁጥር ከዘለላችሁ ግን የፊተኛው ጭረት አይጠፋም። ሲያልቅ በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ አፅዱ። ያ ወተት የመሰለው ውሃ ሲንክ ውስጥ አይደፋ፣ ታች ዘቅጦ ቱቦውን ይደፍነዋል፣ ባልዲ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት ከላይ የጠራውን አፍስሱ፣ ከስር ያለው ጭቃ ሳይደርቅ በላስቲክ ታስሮ ከቆሻሻ ጋር ይሂድ።