ዓረብ አገር ለሥራ ከመሄድሽ በፊት ኤጀንሲውን እንዴት ትፈትሺዋለሽ?

«ቪዛሽ መጥቷል፣ ቶሎ ብር አምጪ።» ይህ ስልክ ሲደወል ቤቱ ይታመሳል። እናት ዕቁቧን አስቀድመው እንዲሰጧት ትለምናለች፤ አባት በሬውን ገበያ ያወጣል። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ብሩ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ሕጉ ምን እንደሚል ይታወቅ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ ከድሮው ብዙ ተቀይሯል። ብዙ ቤተሰብ ግን ዛሬም የሚከፍለው በድሮው ልማድ ነው።

ነገሩ የት እንደጀመረ ባጭሩ ላስታውስ። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። ወዲያው ሳዑዲ አረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ። እገዳው የተነሳው በ2010 ነው። አዋጁም በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሻለ። የውጭ አገር ሥራ ኤጀንሲዎች ዛሬ የሚሠሩት በእነዚህ ሁለት አዋጆች ነው።

በ«አንቺ» የጻፍኩት በብዛት የሚሄዱት እህቶቻችን ስለሆኑ ነው። ለወንዶችም ያው ነው።

መጀመሪያ፦ የሚያናግርሽ ማን እንደሆነ ለዪ

ኤጀንሲ ነው ወይስ ደላላ? ደላላ በዚህ ሥራ ውስጥ ሕጋዊ ቦታ የለውም። «የኤጀንሲው ሰው ነኝ» ቢልሽም ቢሮው ውሰደኝ በይው። ፈቃዱን በዓይንሽ እዪ። የድርጅቱን ስምና የፈቃዱን ቁጥር ጻፊ፤ ዘመኑ ያላለፈበት መሆኑንም ተመልከቺ። ፈቃድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ «በጓደኛዬ ፈቃድ ነው የምሠራው» ካለሽ ተነስተሽ ውጪ። ከዚያ ስሙን ይዘሽ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም በአቅራቢያሽ ያለው የሥራና ክህሎት ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ። ግማሽ ቀን ይፈጅብሽ ይሆናል፣ ግን ያዋጣል።

ለቤት ሠራተኛነት አሠሪ በቀጥታ ሊወስድሽ እንደማይችልም እወቂ። «እዚያ ያለችው ዘመዴ ማዳሟን አናግራልኛለች፣ በጉብኝት ቪዛ ግቢ ብላኛለች» የሚለው መንገድ ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ ያወጣሻል። ችግር ሲመጣ እዚህ አገር ተጠያቂ የምታደርጊው ሰው አይኖርም።

ሁለተኛ፦ «ማን ነው የሚከፍለው?» ብለሽ ጠይቂ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰጂ። ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ነው።

በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። ኤጀንሲው የአገልግሎት ክፍያውን የሚቀበለውም ከአሠሪው እንጂ ካንቺ አይደለም። ባንቺ በኩል የሚወጣው እንደ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ላሉ የራስሽ ወረቀቶች ነው። እነዚህንም ቢሆን ራስሽ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ትከፍያለሽ፣ ደረሰኙም ባንቺ ስም ይሆናል።

ስለዚህ «የቪዛ»፣ «የትኬት»፣ «የፕሮሰስ» የሚባል ብር ከተጠየቅሽ መልስሽ «ይህ የአሠሪው ወጪ ነው፤ አይ ካላችሁ ደረሰኝ ቁረጡልኝ» ይሁን። የሰፈራችን አንዲት ልጅ ለአንድ ደላላ ብር ሰጥታ የነበረው ካፌ ውስጥ ነው፤ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ምስክር። ቪዛው ሳይመጣ ቀረ፤ የሰውየው ስልክም ተዘጋ። ልጅቷ ክስ ለመመሥረት ስትሄድ በእጇ የነበረው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ያኔ ባጠገቧ ባለመኖሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሦስተኛ፦ ሥልጠናውን ራስሽ ውሰጂ

የ2008ቱ አዋጅ 8ኛ ክፍል ያላጠናቀቀ አይሄድም ይል ነበር። ማሻሻያው ይህን አንስቷል። ሥልጠናውና የብቃት ማረጋገጫው፣ ማለትም ሲኦሲው፣ ግን አልቀረም። ዕድሜሽም 18 መሙላት አለበት። «ሲኦሲውን እኛ እናወጣልሻለን፣ አትድከሚ» የሚል ካጋጠመሽ የሚሰጥሽ ወረቀት እንጂ ሙያ አይደለም። የማታውቂው ምድጃና ማጠቢያ ማሽን ፊት ስትቆሚ ወረቀቱ አያድንሽም። ከመሄድሽ በፊት የሚሰጠውን የቅድመ ጉዞ ገለጻም እንዳትዘልዪ፤ ስለምትሄጂበት አገር ሕግና ባህል የምትሰሚው እዚያ ነው።

አራተኛ፦ ኮንትራቱን ሳታነቢ አትፈርሚ

ደመወዝሽ፣ የሥራ ሰዓትሽ፣ የዕረፍት ቀንሽ፣ የአሠሪሽ ስምና አድራሻ በግልጽ መጻፍ አለባቸው። ያልገባሽን አስነብቢ። ኮንትራቱ በሚኒስቴሩ ካልጸደቀ ጉዞ የለም። የምትሄጂበት አገርም ከኢትዮጵያ ጋር የሠራተኛ ስምምነት ያለው መሆን አለበት። ምዝገባውና ኮንትራቱ ዛሬ በመንግሥት የኦንላይን የሥራ ገበያ ሥርዓት ውስጥ ነው የሚያልፈው። «ስሜ ገብቷል ወይ? በየትኛው ኤጀንሲ ሥር ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የተፈረመውን ኮንትራት፣ ፓስፖርቱንና ቪዛውን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። አንድ ኮፒ እናትሽ ጋ ይቀመጥ፣ አንዱን ለምታምኚው ሰው በቴሌግራም ላኪ።

ችግር ከመጣስ?

ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ኮንትራቱ ከተጣሰ ኤጀንሲውና ውጭ ያለው አሠሪ በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ናቸው። ሪያድ ያለው አሠሪ ደመወዝሽን ቢከለክልሽ እዚህ ያለውን ኤጀንሲ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። «እኛ ልከናል፣ ከዚያ በኋላ አያገባንም» የሚል መልስ በሕግ ፊት አይሠራም። የ2008ቱ አዋጅ ኤጀንሲዎች 100,000 የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዋስትና በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጡ ያዘዘውም የሠራተኛው መብት ሜዳ ላይ እንዳይቀር ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ ዝም ብሎ አያልቅስ። ኮንትራቱንና ደረሰኞቹን ይዞ መጀመሪያ ኤጀንሲው ጋ በጽሑፍ አቤቱታ ያስገባ፤ የተቀበሉበትን ማኅተም ያስመታ። መልስ ካጣ በዚያው ወረቀት ወደ ሚኒስቴሩ ወይም ወደ ክልሉ ቢሮ ይሂድ። ያለ ፈቃድ ሰው የላከ ደላላ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ወንጀል ነው፤ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ስለሚያስጠይቅ ለፖሊስ ያመልክት።

አንቺም አውሮፕላን ከመሳፈርሽ በፊት የኢትዮጵያን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ በወረቀት ጻፊና ልብስሽ ውስጥ ያዢው። ስልክሽን ሊወስዱብሽ ይችላሉ።