ማንበብ ያቃተውን ተማሪ ክፍል ውስጥ እንዴት እንርዳው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ ብልህ ነው፤ ንባብ ግን አልሆነለትም። ለዓመታት ያስተማሩት መምህር «ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ከተማሪው ሁሉ ጎበዙ እሱ ነበር» የሚል ምስክርነት ሰጥተውለታል። ዛሬ ዲስሌክሲያ የምንለው ይህንን ነው። ስንፍና አይደለም፤ የአእምሮ ማነስም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚቸገረው የቃልን ድምፆች ነጣጥሎ ከፊደል ጋር ማገናኘት ላይ ነው።

መጀመሪያ ልጁን ልብ ብላችሁ እዩት። ጀማሪ ሁሉ ፊደል ያምታታል፤ ያ ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያሳስበው ጓደኞቹ አልፈው ሲሄዱ እዚያው የቀረው ነው። የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ ቀሪውን ይገምታል። አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ሦስት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል። በቃል ስትጠይቁት ጥንቅቅ አድርጎ ይመልስና ወረቀቱ ባዶ ይሆናል። ያያችሁትን ከነቀኑ መዝግቡ፤ ዓይኑና ጆሮውም ይታይለት። «ዲስሌክሲያ አለበት» ማለት የባለሙያ ሥራ ነው። እርዳታው ግን ወረቀት እስኪመጣ አይጠብቅም።

ከዚያ ከድምፅ ጀምሩ። ሁለት ሦስት ልጆች ሰብስቡና በየቀኑ 15 ወይም 20 ደቂቃ ስጧቸው። በሳምንት አንዴ ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ ይሄ ይሻላል። መጽሐፉን ዝጉትና «ሰላም በሉ» በሏቸው። «አሁን ሰ-ን አውጡ፤ ምን ቀረ?» ላም! ይሄን ጨዋታ ይወዱታል።

ቀጥሎ ፊደሉ ይምጣ። ቡ እና ቢን ጎን ለጎን ጻፉ። ልዩነታቸው አንዲት ጭረት ናት፤ ቡ ላይ ወገቧ ላይ፣ ቢ ላይ እግሯ ላይ። ልጁ አሸዋ ላይ በጣቱ እየጻፈ ድምፁን ጮክ ብሎ ይበል። እጅ፣ ዓይንና ጆሮ አብረው ይሥሩ። አንዱ ሳይጸና ወደ ሌላው አትሂዱ። ሀ ሁ ሂ እያሉ ማስዘመር ብቻ ያታልላል፤ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር የሚወርድ ልጅ ሂ-ን ለብቻዋ ስታሳዩት ሊጠፋበት ይችላል።

ይህ ወራት ይፈጃል። እስከዚያው ሳይንሱም ሒሳቡም በንባብ ምክንያት እንዳያመልጠው፦

- ጥያቄውን አንብቡለት፤ መልሱን በቃል ተቀበሉት፤ ፈተና ላይ ሰዓት ጨምሩለት።
- ከሰሌዳ ከሚገለብጥ የተጻፈውን ስጡት፤ ጽሑፉ ተለቅና ራቅ ራቅ ያለ ይሁን።
- የሳይንስ መልስ ስታርሙ የፊደል ስህተቱን እለፉት።

ባለቀለም ላስቲክ ገጹ ላይ ማድረግ ይረዳል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ጥናት አልደገፈውም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ደግሞ ሳታዘጋጁት ድንገት አስነስታችሁ አታስነብቡት። ክፍሉ ሲስቅበት የዋለ ልጅ በማግስቱ ሆዴን አመመኝ ብሎ ቤት ቢቀር አይገርምም። ማንበብ ካለበት አንቀጹን ዋዜማውን ስጡትና ቤት ይለማመድ።

በመጨረሻ ወላጆቹን አነጋግሩ። ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ አብረውት ቢያነቡ ይበቃል፤ ሲደክመው እነሱ ያንብቡለት። ዲስሌክሲያ በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ አለው። ከወላጆቹ አንዱም ከፊደል ጋር ሲታገል ያደገ ሊሆን ስለሚችል፣ ረጅም ደብዳቤ ከመላክ ጠርታችሁ በአፍ ንገሯቸው።